ሮዝ ድንጋይ ላይ ጥቁር ጅማት፤ ሮዶናይት ነው? ከሆነስ ፎርሙላው ለምን ሁለት ሆነ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ሮዝ ሆኖ ጥቁር ጅማት ጅማት ያለው የተወለወለ ድንጋይ አለኝ። አብሮት የመጣው ወረቀት ሮዶናይት ይላል፣ ማንጋኒዝ ሲሊኬት ነው ብሎ አንድ ማንጋኒዝ፣ አንድ ሲሊኮን፣ ሶስት ኦክስጅን ያለው ፎርሙላ ጽፎበታል። ሌላ ቦታ ሳነብ ግን ካልሲየም የገባበት፣ አምስት ሲሊኮን ያለው ረጅም ፎርሙላ አገኘሁ። አንዱ ፓይሮክሲን (አንድ የሲሊኬት ማዕድናት ቤተሰብ) ነው ይላል፣ አንዱ አይደለም ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ኧረ ሮዶክሮሳይት ነው አለኝ። ማንን ልመን?»

እሺ ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ የጠየቅክ ይመስልሃል እንጂ ሶስት ነው የጠየቅከው። ከጓደኛህ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል፣ የቀረው ግን ረዘም ይላልና ታገሰኝ።

ሮዶናይትና ሮዶክሮሳይት ስማቸው የተቀራረበው ሁለቱም ሮዶን ከሚለው የግሪክ ቃል ስለመጡ ነው፣ ጽጌረዳ ማለት ነው። ሁለቱም ማንጋኒዝ አላቸው ሁለቱም ሮዝ ናቸው፣ ዝምድናቸው ግን እዚያው ላይ ያበቃል። ሮዶክሮሳይት ካርቦኔት ነው፣ የካልሳይት ዘመድ፣ በሞስ ስኬል ጥንካሬው ከ3.5 እስከ 4 ብቻ ነው። ሮዶናይት ሲሊኬት ነው፣ ከ5.5 እስከ 6.5። የተራ ቢላ ብረት ደግሞ ወደ 5.5 አካባቢ ነው ያለው፣ ማለት ልክ መሀላቸው ላይ ቆሞልሃል። ስለዚህ ድንጋዩን ገልብጠህ ማንም የማያየው ቦታ ላይ በቢላው ጫፍ ጫን አድርገህ ጫር። ቢላው ያለ ችግር ገብቶ ነጭ ዱቄት ካወጣ ጓደኛህ ልክ ሊሆን ይችላል። ከተንሸራተተ ወይም ሽራፊ የምታክል ነገር ብቻ ካነሳ ካርቦኔት የመሆን እድሉ አለቀ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ቢላ ጠንካራ ድንጋይ ላይ ሲሄድ ድንጋዩ ሳይሆን ብረቱ ነው የሚበላው፣ እና ግራጫ መስመር ትቶ ያልፋል፣ ያንን መስመር አይተህ «ተጫረ» እንዳትል። ጣትህን አርጥበህ እሸው፣ በጥፍርህም ደባብሰው። መስመሩ ከጠፋ ወይም ጥፍርህ ምንም ጉድጓድ ካልነካ ያ የብረቱ ቅሪት ነው። ሁለተኛ፣ የምትጭረው ሮዙን ይሁን፣ ጥቁሩን አይደለም። ጥቁሩ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው፣ አንዳንዱ ጣት የሚያጠቁር ለስላሳ ነው አንዳንዱ ደግሞ ድርቅ ያለ፣ ስለ ሮዙ ምንም አይመሰክርልህም።

አሲድ ካለህ ደግሞ ሞቅ ያለ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲደረግበት ሮዶክሮሳይት አረፋ ያወጣል፣ ሮዶናይት ዝም ነው የሚለው። በቀዝቃዛው ግን ሮዶክሮሳይትም ዳተኛ ነው፣ ኮምጣጤማ ጨርሶ ያታልልሃል፣ ስለዚህ «አረፋ አላየሁም» ብቻውን ማስረጃ አይደለም። እኔ የምመርጠው ጭረቱን ነው።

ክብደት ይለየዋል ወይ ብለህ ልትጠይቅ ትችላለህ። እዚህ ጋ አይለይም። ሮዶናይት ከውሃ ከ3.4 እስከ 3.76 እጥፍ ይከብዳል፣ ንጹህ ሮዶክሮሳይት ደግሞ 3.7 ነው፣ እዚያው ክልል ውስጥ ተቀምጧል። ክብደት የሚጠቅምህ ሌሎቹን ሮዞች ለማባረር ነው። በክር አንጠልጥለህ አየር ላይ መዝነው፣ ከዛ ውሃ ውስጥ ነክረህ መዝነው፣ የአየሩን ክብደት ለቀነሰው ክብደት አካፍል። ድንጋዩ 188 ግራም ሆኖ ውሃ ውስጥ 53 ግራም ከቀነሰ 188 ለ53 ሲካፈል 3.55 ይመጣል፣ ሮዶናይት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሮዝ ኳርትዝ ቢሆን 2.65 ነበር የሚመጣልህ፣ ሮዝ ፌልድስፓር ቢሆን ደግሞ ከዛም ትንሽ ዝቅ ይላል። ብዙ ጥቁር ጅማት ወይም የኳርትዝ ሥር ያለበት ድንጋይ ግን ቁጥሩን ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ዲሲማል ብዙ አትመነው።

ጓደኛህን ጨረስን። አሁን ወደ ዋናው።

ወረቀትህ ላይ ያለው አጭሩ ፎርሙላ ውሸት አይደለም፣ ግን ስም አይሆንም። ለምን? ሲሊኬት ሁሉ የተሰራው ከአንድ ጡብ ነው፣ መሀል ላይ ሲሊኮን፣ ዙሪያውን አራት ኦክስጅን፣ ቴትራሄድሮን የምንለው ባለ አራት ጥግ ቅርጽ። እነዚህ ጡቦች ሁለት ሁለት ጥጋቸውን ከጎረቤታቸው ጋር እየተጋሩ ሲያያዙ ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ። የሚጋሩት ኦክስጅን ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሽ ስለሚቆጠር ለአንድ ሲሊኮን ሶስት ኦክስጅን ይደርሳል። አየህ «አንድ ለሶስት» ከየት እንደመጣ? እንግዲህ ነጠላ ሰንሰለት ያለው ሲሊኬት ሁሉ፣ ፓይሮክሲንም በል ሌላ፣ ይሄው አንድ ለሶስት ነው። ፎርሙላው ሰንሰለት መኖሩን ይነግርሃል እንጂ ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚጣመም አንድም ነገር አይነግርህም፣ ማዕድኑን የሚለየው ደግሞ በትክክል ያ መጣመም ነው።

ፓይሮክሲን ላይ ጡቦቹ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያሉ ይሄዳሉ፣ በየሁለት ጡብ ቅርጹ ይደገማል፣ ርዝመቱ ወደ 5.2 አንግስትሮም (አንድ አንግስትሮም የሜትር አስር ቢሊዮንኛ ነው)። ወላስቶናይት የሚባለው የካልሲየም ሲሊኬት ደግሞ ግራ ቀኝ ብሎ አንድ ትርፍ ያስገባል፣ በየሶስት ይደገማል፣ ወደ 7.3። ሮዶናይት የሁለቱ ድብልቅ ነው፣ አንድ የወላስቶናይት ቁራጭ፣ አንድ የፓይሮክሲን ቁራጭ፣ ሶስት ሲደመር ሁለት አምስት፣ ወደ 12.2 አንግስትሮም። ፓይሮክስማንጋይት የሚባል ወንድም አለው፣ እሱ አንድ የወላስቶናይት ሁለት የፓይሮክሲን ይወስዳል፣ ሰባት። ዘጠኝ የሚደርስም አለ። እነዚህን ሰንሰለታቸው ከሁለት በላይ እየቆየ የሚደገመውን ሁሉ ፓይሮክሲኖይድ እንላቸዋለን፣ ፓይሮክሲን መሳይ እንደማለት ነው። ስለዚህ ሮዶናይት ፓይሮክሲን አይደለም። ድሮ ከፓይሮክሲን ጋር ይመደብ ነበር፣ መልኩም ፎርሙላውም ሁለቱ የስንጥቅ ገጾቹም (ሲሰበር ጠፍጣፋ ሆኖ የሚለይባቸው) ፓይሮክሲን ይመስላሉ፣ በ92 ዲግሪ ከምናምን ነው የሚገናኙት፣ ዘጠና ለማለት ምንም አይቀረውም። የክሪስታል አቶሞች አደራደር በኤክስሬይ መታየት ሲጀምር ነው የተለያዩት። ያነበብከው ጽሁፍ የድሮውን ምደባ የቀዳ መሆን አለበት። ሲሜትሪውም ዝቅተኛው ነው፣ ትሪክሊኒክ፣ የትኛውም ጎኑ ከሌላው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም።

ሰንሰለቱ ለምን ይጣመማል ካልክ ጥፋተኛው ሜታሉ ነው። ሰንሰለቶቹን ጎን ለጎን አስሮ የሚይዛቸው በመሀላቸው የተደረደረ የሜታል አቶም ነው። ማግኒዥየምና ብረት (አይረን) ትናንሽ ስለሆኑ የቀጥታውን ሰንሰለት እርምጃ ይከተላሉ፣ ፓይሮክሲን ይወጣል። ካልሲየም ትልቅ ነው፣ እርምጃው ይሰፋል፣ ሲሊኮንና ኦክስጅን ደግሞ እንደ ላስቲክ አይለጠጡም፣ ስለዚህ ሰንሰለቱ ያለው አማራጭ መታጠፍ ብቻ ነው። ማንጋኒዝ መሀል ላይ ነው፣ ለዚህ ነው የሁለቱን ቅልቅል የሚሰራው። ከላይ ግፊት ስትጨምርበት ጠበቅ ወዳለው ወደ ፓይሮክሲኑ ወገን ያዘነብላል፣ ሮዶናይት የነበረው ፓይሮክስማንጋይት፣ ከዛም በጣም ከፍ ባለ ግፊት እውነተኛ ፓይሮክሲን፣ ከዛም አልፎ የጋርኔት አደራደር ያለው ይሆናል፣ ይሄ ሁሉ ያቺው አጭር ፎርሙላ ሳትነካ ነው! ወረቀትህ ላይ ያለችው ፎርሙላ ብቻዋን አራት የተለያየ ነገር ልትሆን ትችላለች ማለት ነው።

አሁን ረጅሙ ፎርሙላ። ሰንሰለቱ በየአምስት ስለሚደገም ፎርሙላውም አምስት ሲሊኮንና አስራ አምስት ኦክስጅን ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል፣ ለነሱም አምስት የሜታል መቀመጫ አለ። አምስቱ መቀመጫዎች ግን እኩል አይደሉም። ሶስቱ ተራ ናቸው ማንጋኒዝ ይቀመጥባቸዋል፣ አራተኛው የተጨናነቀና የተዛባ ነው፣ ብረትና ማግኒዥየም ዚንክም ሲመጡ እዚያ መግባት ይወዳሉ፣ አምስተኛው ሰፊ ነው፣ ካልሲየም ካለ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። ለረጅም ጊዜ ሰው ካልሲየሙን «ቆሻሻ» ነው ብሎ ነበር የሚያልፈው፣ ንጹሁ ማንጋኒዝ ብቻ ነው፣ ሌላው ጥገኛ ነው ተብሎ። ነገር ግን የተፈጥሮ ሮዶናይት ሲተነተን አብዛኛው ያንን ሰፊ መቀመጫ በካልሲየም ሞልቶ ነው የሚገኘው። ቋሚ ነዋሪ እንጂ እንግዳ አልነበረም።

እና በ2019 እ.ኤ.አ. የማዕድን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ነገሩን አስተካከለው። ሮዶናይት አሁን የቡድንም የአንድ ማዕድንም ስም ነው። ሰፊው መቀመጫ ላይ ካልሲየም የሚበዛበት፣ ቀሪው አራቱ ማንጋኒዝ የሆነው ሮዶናይት ይባላል። ካልሲየሙ እንዳለ ሆኖ የተጨናነቀው መቀመጫ ላይ ብረት ከበዛ ፌሮሮዶናይት ነው፣ እሱ የተገለጸው አውስትራሊያ ብሮክን ሂል ከተገኘ ናሙና ነው። ሰፊው መቀመጫ ላይም ማንጋኒዝ ከበዛ፣ ማለት አምስቱም ማንጋኒዝ ከሆነ፣ ቪቲንኪአይት ተብሏል፣ ፊንላንድ ውስጥ ባለው የቪቲንኪ ማዕድን ቦታ ስም። ነገሩ ትንሽ ያስቃል፣ ያ ሁሉ ሰው ለዘመናት «ንጹህ ሮዶናይት» እያለ ሲጽፈው የኖረው ፎርሙላ ዛሬ የሮዶናይት ሳይሆን የቪቲንኪአይት ነው! እኔ በግሌ ለውጡን እደግፈዋለሁ፣ አንዳንድ ሰብሳቢዎች ሌብል መቀየር ሰልችቷቸው ሲያማርሩ እሰማለሁ፣ ግን አደራደሩ የሚለውን ነው ስሙም ማለት ያለበት።

የላብራቶሪ ውጤት ካገኘህ ራስህ ልታሰላው ትችላለህ፣ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ እኔ ያዘጋጀሁት ቁጥር ይሁን፣ ካልሲየም ኦክሳይድ 6 ፐርሰንት፣ ማንጋኒዝ ኦክሳይድ 47.5፣ ሲሊካ 46.5። እያንዳንዱን ለሞለኪውል ክብደቱ አካፍለው፣ ካልሲየሙ 6 ለ56.08 ሲካፈል 0.107፣ ማንጋኒዙ 47.5 ለ70.94 ሲካፈል 0.670፣ ሲሊካው 46.5 ለ60.08 ሲካፈል 0.774። ሲሊኮኑ 5 እንዲሆን ሁሉንም በ6.46 አባዛ። ካልሲየም 0.69፣ ማንጋኒዝ 4.33 ይወጣል፣ ሲደመር 5 ከትንሽ ነው፣ ጥሩ ትንተና ነው ማለት ነው። ሰፊው መቀመጫ አንድ ብቻ ስለሆነ ካልሲየሙ ከ0.5 ካለፈ እሱ በዝቷል፣ ሮዶናይት። ብረትና ማግኒዥየም እዚህ ግባ በማይባልበት ድንጋይ ያ ድንበር ካልሲየም ኦክሳይድ ወደ 4.3 ፐርሰንት ላይ ነው የሚያርፈው፣ መቀመጫው ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ደግሞ 8.8 አካባቢ ይደርሳል። ግን ይሄ ሂሳብ የሚሰራው ድንጋዩ መጀመሪያ ባለ አምስቱ ሰንሰለት መሆኑ ከታወቀ ብቻ ነው፣ መዋቅር ይቀድማል ኬሚስትሪ ይከተላል።

ይሄን የምለው እኔም ተቃጥዬበት ስለማውቅ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሳጥን ሙሉ ሮዝ ናሙና መጣልኝ፣ ጥቁር ጅማት፣ ጠንካራ፣ ከባድ፣ ምን ያጠያይቃል ብዬ ሁሉም ላይ ሮዶናይት ብዬ ጽፌ አስረከብኩ። በኋላ ኤክስአርዲ (የአቶሞቹን አደራደር በኤክስሬይ የሚያሳይ ምርመራ) ሲሰራ ግማሹ ፓይሮክስማንጋይት ሆኖ ቁጭ! ያንን ሁሉ ሌብል አንድ በአንድ ልጬ እንደገና ስጽፍ ያየ ሰው እስካሁን ይስቅብኛል። ግን በዓይን የሚለይ ነገር አልነበረም፣ ቀለሙ አንድ፣ ጥንካሬው አንድ። ማይክሮስኮፕ ላይ በስስ ቁራጭ ያየ ሰው የኦፕቲክ አንግሉን (ብርሃን በክሪስታሉ ውስጥ ከሚያልፍበት መንገድ የሚለካ ማዕዘን) ለክቶ ሊለያቸው ይችላል፣ ሮዶናይት በአብዛኛው ከ60 ዲግሪ በላይ ነው፣ ፓይሮክስማንጋይት ወደ 40 አካባቢ። የባሰው ደግሞ አንዳንድ ክሪስታል ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ይገኛሉ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ አምስት አምስት አምስት እያለ ይሄድና መሀል ላይ አንድ ሰባት ሾለክ ብሎ ይገባል፣ ቁራጮቹን እንደገጣጠምናቸው ካስታወስክ ይሄ አይገርምህም፣ አንድ የፓይሮክሲን ቁራጭ በትርፍ መግባት ብቻ ነው።

ስለ ቀለሙም ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው በቀለም ነው ስም የሚያወጣው። እዚህ ማዕድን ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ ሁለት ኤሌክትሮን የሰጠው ዓይነት ነው፣ ከቀሩት ውጪኛዎቹ አምስት ኤሌክትሮኖች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክፍል አላቸው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ። ብርሃን አንዱን ለማንሳት ሲሞክር መሽከርከሪያውን መገልበጥ ግድ ይሆንበታል፣ ይሄ ደግሞ ክልክል ከሚባሉት ሽግግሮች ነው፣ በጣም በትንሹ ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ማንጋኒዝ ከክብደቱ ከሲሶ በላይ ይዞም ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ በስስ ቁራጭማ ከናካቴው ቀለም አልባ ይሆናል። ዱቄቱ ነጭ ነው። ያው ማንጋኒዝ ግን አየርና ውሃ ሲያገኘው ሌላ ኤሌክትሮን ይሰጥና ወደ ጥቁር ኦክሳይድ ይለወጣል፣ በስንጥቁ ተከትሎ ይገባል፣ ያንተ ጥቁር ጅማት ያ ነው። የድንጋዩ ዝገት በለው። ሰው እንደ ሮዶናይት መታወቂያ ያየዋል እንጂ ማንኛውም የማንጋኒዝ ማዕድን ከቆየ ይጠቁራል፣ ሮዶክሮሳይትም ፓይሮክስማንጋይትም።

ሮዝ ከሆኑት ሌሎቹን ለማለፍ ያህል፣ ቡስታማይት አለ፣ ካልሲየሙ በዝቶ ወደ ባለ ሶስቱ ሰንሰለት የተመለሰ ነው፣ ብዙ ጊዜ ገርጣ ያለ ነው። ቱላይት አለ፣ እሱ በማንጋኒዝ ሮዝ የሆነ ዞይሳይት ነው፣ ሰንሰለት እንኳን አይደለም። ማንጋኒዝ ሲሊኬት ሲባል ሮዶናይት ብቻ እንዳይመስልህ፣ ቴፍሮይት የኦሊቪን ቤተሰብ ነው፣ ስፔሳርቲን ጋርኔት ነው፣ ብራውናይት ደግሞ ሲሊኮን ያለበት ጥቁር ማዕድን ነው፣ እነዚህ አንድ ማዕድን ቦታ ላይ ተቀላቅለው ሊገኙ ይችላሉ። ሲፈጠርም እንዲህ ነው፣ የማንጋኒዝ ካርቦኔት ያለበት የባህር ደለል ከሲሊካ ጋር አብሮ ተቀብሮ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ማንጋኒዙና ሲሊካው ይጣመራሉ። አየኸው፣ ጓደኛህ ያለው ሮዶክሮሳይት የሮዶናይት ወላጅ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱን አንድ ድንጋይ ላይ ማግኘትም ብርቅ አይደለም፣ ስለዚህ ጭረቱን ሁለት ሶስት ቦታ ሞክረው።

ስሙን ያወጣው ያሼ የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ በ1819 እ.ኤ.አ.። ስዊድን ላንግባን፣ አሜሪካ ፍራንክሊን ኒው ጀርሲ ዚንክ የገባበት ፋውለራይት የሚባለው፣ ቅድም ያነሳሁት ብሮክን ሂል፣ ፔሩ፣ ብራዚል ሚናስ ዠራይስ፣ እነዚህ የታወቁ ቦታዎቹ ናቸው። በግዙፍ ቋጥኝ የሚታወቀው ግን የሩሲያ ኡራል ነው፣ እነሱ ኦርሌትስ ይሉታል፣ ሴንት ፒተርስበርግ ያለው የንግሥት ማሪያ አሌክሳንድሮቭና ሳርኮፋገስ ከሱ ነው የተጠረበው፣ ሞስኮ የማያኮቭስካያ ሜትሮ ጣቢያ ምሰሶዎች ላይም አለ። ክሪስታሉ ለብቻው ሲሆን በሁለቱ ገጾቹ ቶሎ የሚሰነጠቅ ነው፣ ደቃቅ ሆኖ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሲያድግ ግን ስንጥቁ መንገድ ስለማያገኝ እንደዛ ለመጥረብ ይመቻል። ያንተም የተወለወለው ይሄ ዓይነቱ ስለሆነ የስንጥቅ ገጽ ፈልገህ አታገኝበትም፣ አትድከም።

እንግዲህ ወረቀትህ ላይ ምን ይጻፍ? ቢላው ካልገባበት፣ ክብደቱ 3.5 አካባቢ ከመጣ፣ «የሮዶናይት ቡድን፣ ያልተተነተነ» ብለህ ጻፍ፣ ፎርሙላውን ሰርዘው። ከዛ በላይ ከፈለግክ መጀመሪያ ኤክስአርዲ ነው፣ ጥቂት ዱቄት ይበቃዋል፣ ባለ አምስት ወይስ ባለ ሰባት የሚለውን ይመልስልሃል። ቀጥሎ ማይክሮፕሮብ (ድንጋዩ ውስጥ የትኛው ንጥረ ነገር ምን ያህል እንዳለ የሚለካ መሣሪያ) ካልሲየሙን ይቆጥርልሃል። ዱቄቱን ራስህ የምትፈጭ ከሆነ ወይም ድንጋዩን የምትቆርጥ ከሆነ በውሃ አርጥበህ፣ ማስክ አድርገህ ይሁን፣ ማንጋኒዝም ሲሊካም ያለበት ብናኝ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ውጤቱ ሲደርስህ ሶስቱን ኦክሳይድ ብቻ ላክልኝ፣ ብረትና ማግኒዥየም ካለም ጨምርበት፣ አብረን እናሰላዋለን።